ክፍል ሦስት ላይ ትረዱታላችሁ

የትም ከተማ ሂዱ፣ አንድ ዳይሬክተር አታጡባትም። የቧንቧ ውኃ ላይኖራት ይችላል፤ መንገዷ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ሊሆን ይችላል፤ ዳይሬክተር ግን አላት። ሰውየውን ለመለየት ብዙ አያስቸግርም። ስታወሩት ፊታችሁን አያይም፤ የሁለት እጆቹን ጣቶች አገጣጥሞ መስኮት ይሠራና በዚያ አጮልቆ ያያችኋል። ሥራው ሁልጊዜ «ሊለቀቅ ነው»። ለምን እንዳልተለቀቀ የጠየቀ ሰው ኪነ ጥበብ ያልገባው ነው።

የከተማችን የንፋስ መውጫ ክቡር ዳይሬክተር፣ ደራሲ፣ ፕሮዲውሰርና የኤሌክትሪክ ገመድ ጎታች ክንዱ ይባላል። እንጀራው የሠርግ ቪዲዮ ነው፤ ይህን ፊት ለፊት የሚነግረው ግን ወዳጁ አይደለም። «ሠርግ ለእጅ ማፍታቻ ነው» ይላል። እጁን ሲያፍታታ ከሙሽሪት ጀርባ ባለው ጋራ ላይ አረንጓዴ ጨረር የጨመረባቸው፣ ሚዜዎቹን አንድ በአንድ ያጠፋባቸው ሠርጎች አሉ። አማቾች ተቆጥተው ሲመጡ አይደነግጥም። አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ እንደሚያዝንላቸው ሁሉ፣ «ክፍል ሦስት ላይ ትረዱታላችሁ» ይላቸዋል። የሠርግ ክፍል ሦስት ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ደፍሮ የጠየቀው የለም፤ ፍቺ እንዳይሆን ፈርተው ይመስለኛል።

የዕድሜ ልክ ሥራው ግን «ጉና ላይ የወረደው» የተባለው ተከታታይ ፊልም ነው። ሳይንሳዊ ነው፤ አስፈሪ ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ረጅም ነው። አንድ ፍጡር ከሰማይ ጉና ተራራ ላይ ይወርድና መብራት ይበላል። ሰው የሚበላው መብራት ያጣ ዕለት ነው። ክፍል አንድ የታየ ጊዜ ከተማው ይህን ታሪክ ለማመን አልተቸገረም፤ እንዲያውም መብራታችን ለምን ይጠፋል እያልን ሲያስጨንቀን የኖረ ጥያቄ መልስ ያገኘ መሰለን። ፍጡሩ ባና የሚባለውን ጥቁር የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ለብሶ፣ የሞተር ሳይክል ሄልሜት ደፍቶ፣ በጀርባው የፀረ አረም መርጫ አዝሎ፣ ጭጋግ እየተፋ ይመጣል። በውስጡ ያለው እሸቱ የሚባል የባጃጅ ሹፌር ነው። ጩኸቱም የእሸቱ ባጃጅ ዳገት ስትወጣ የምታሰማው ነው፤ ክንዱ ፍጥነቱን ቀንሶ አስገብቶታል። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሕፃናት ባጃጅ አንሳፈርም ብለው እሸቱ ስሞታ ቢያቀርብ፣ ያው የታወቀው መልስ ተሰጥቶታል።

ክንዱ አንድ ሃይማኖት የሚመስል ደንብ አለው። ቀረጻ የምታስቆመዋን «ካት» የምትባል ቃል ከእሱ በቀር ማንም አይናገራትም፤ እሱም ቢሆን በቀላሉ አይናገራትም። በክፍል ሁለት ቀረጻ ላይ ከነጋዴው ሙጃሂድ የተዋሱት ጄኔሬተር እሳት ተያያዘ። ሙጃሂድ ራሱን ይዞ ይጮኻል፤ ሰው አፈር ይዝቃል፤ ክንዱ ግን ካሜራውን ወደ እሳቱ አዙሮ «ማንም እንዳያጠፋው! ፍጡሩ የመጣው አሁን ነው!» ይላል። ሙጃሂድ ዛሬም ድረስ ይህን ሲያወራ ይንቀጠቀጣል። ፊልሙ ሲታይ ግን ከፊት ተቀምጦ ጄኔሬተሩ የሚቃጠልበት ቦታ ሲደርስ «የኔ ናት፣ የኔ ናት!» እያለ ለጎረቤቱ ያሳያል።

የዚህ ሁሉ መከራ የወደቀው በአስማረ ላይ ነው። አስማረ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነው፤ አገሩ ሲማዳ፣ ወገዳ አጠገብ። ቁም ነገረኛ፣ ፌዝ የማይወድ፣ ሰው ብዙም የሚወደኝ አይደለም ብሎ የሚያስብ ሰው ነው። ለሳይንቲስትነት የተመረጠው በአንድ ምክንያት ብቻ ነው፤ ነጭ ጋዋን አለው። አንድ ቀን ጋዋኑን እንደለበሰ ከክፍል ሲወጣ ክንዱ በጣቶቹ መስኮት አየውና «ዶክተር!» ብሎ ጮኸ፤ በቃ፣ አለቀ። በክፍል አንድ ፍጡሩ በላው። ተገላገልኩ ሲል በክፍል ሁለት የዶክተሩ መንታ ወንድም ሆኖ መጣ። እሱንም በላው። ሁለቱም መንትዮች አስማረ ይባላሉ፤ አስማረ በሌላ ስም ሲጠሩት ዞር ማለት እየረሳ አንድ ሙሉ ቀን ቀረጻ ስለተበላሸ፣ ተዋናይ ሁሉ በገዛ ስሙ እንዲጠራ ዳይሬክተሩ ወስኗል። ይህችን ውሳኔ ልብ በሉልኝ።

አስማረ በየክፍሉ መጨረሻ «ከእንግዲህ ክንዱ ዘንድ ብሄድ ሰው አይደለሁም» ይላል። በየክፍሉ መጀመሪያ ደግሞ ይሄዳል።

«ፍጡሩ ከየት ነው የመጣው?» አለው ክፍል ሦስት በተጀመረ ሰሞን። «ተማሪዎቼ ይጠይቁኛል። ሁለት ጊዜ የተበላሁት ሰውዬ አላውቅም ልበል እንዴ?»

«እሱን ክፍል ሦስት ላይ...»

«አሁን የምንሠራው ክፍል ሦስትን አይደለም እንዴ!»

ክንዱ በጣቶቹ መስኮት ትክ ብሎ አየው። «ይችን ንዴት አስቀምጣት» አለው። «ለሞትህ ታስፈልገናለች።»

በክፍል ሦስት ዶክተሩ እንደገና ይኖራል፤ እንዴት ኖረ ተብሎ አይጠየቅም። ከተማዋን ለማዳን ራሱን ይሠዋል፤ የሰው ልጅ በሙሉም ወጥቶ ይቀብረዋል። «የሰው ልጅ በሙሉ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ክንዱ በእጁ የነበረው የሰው ልጅ ግን የእህቱ ልጆችና አንድ የመጋዘን ዘበኛ ነበር። ቢያንስ ለቅሶው ለቅሶ እንዲመስል ብሎ የእድሩ ዳኛ ወደሆኑት ወደ አለቃ ቀለመ ወርቅ ሄደና ድንኳን እንዲያውሱት ለመነ።

«ምን ልትሠራበት?» አሉት አለቃ።

«ለማስተማሪያ ነው፣ አለቃ።»

አለቃ ማስተማሪያ የተባለ ነገር እምቢ ማለት አይሆንላቸውምና ፈቀዱ። ድንኳኑ ሲወጣ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ቢሆነኝም አብሮ ወጣ። ክንዱ ይህን እንደ ትርፍ ቆጠረው። «ለድምፅ ቅጂ ትንሽ ብቻ ትነፋልኛለህ» አለው።

«የማንን ስም ልጥራ?» አለ ቢሆነኝ። ያለ ስም ነፍቶ አያውቅም።

ክንዱ ጽሑፉን ገለጠ። «የአስማረን» አለ።

ቢሆነኝ ነገሩ ለፊልም መሆኑን ተነግሮታል። ነገር ግን ጡሩምባ ትንሽ መንፋት አይችልበትም፤ አባቱም አይችሉበትም ነበር። የሰውን ስም ይዞ ለአንድ ሰፈር ብቻ መጥራት በእሱ ዘንድ ሬሳ መናቅ ነው። ቀኑ ደግሞ የገበያ ቀን ነበር። ከገበያው በላይ ካለው ጉብታ ወጣ፤ ሳንባውን ሞላ፤ ነፋ። «መምህር አስማረ አርፏልና፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!»

ገበያው ቆመ። ገብስ የሚሰፍር ቁናውን ጣለ፤ በግ የሚጎትት ገመዱን ለአጠገቡ ሰው አስያዘ። አንዳንዱ ወደ አስማረ ስልክ ደወለ። ስልኩ ዝግ ነው። ስልኩማ ክንዱ እጅ ላይ ነበር፤ ጥሩ ካሜራ ያለው የአስማረ ስልክ ነው ብሎ ከዋዜማው ጀምሮ ወስዶበታል፤ ቀረጻ መሀል እንዳይጠራም ጥሪ እንዳይቀበል አድርጎ ዘግቶታል። ዝግ የሆነ የሟች ስልክ ደግሞ ከጡሩምባ ይልቅ ያስረዳል። ሕዝቡ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወደ ድንኳኑ ጎረፈ።

በዚህ ጊዜ ክንዱ «ፊልም ነው!» ማለት ነበረበት። ሁለት ቃል ናት። አፉንም ከፍቶ ነበር። ግን የሰው ልጅ በሙሉ እያለቀሰ ሲመጣ አየ፤ ብርሃኑም ጥሩ ነበር። «አንዴ ልቅረጸውና እነግራቸዋለሁ» አለ ለራሱ፤ ስልኩንም ከፍ አደረገ።

አስማረ ድንኳኑ ውስጥ በሬሳ ሳጥን ተኝቷል። ሲተነፍስ እንዳይታይ ከራስ እስከ እግሩ ነጠላ ጣል ተደርጎበታል። «ምንም ብትሰማ እንዳትንቀሳቀስ፤ አጃቢ ተዋንያን አዘጋጅቻለሁ» ተብሏል። ለቅሶው ሲጀምር ተገረመ። ክንዱ ይህን ሁሉ ሰው ከየት አመጣው?

«መምህራችን!» አለች አንዲት ልጅ። «ጥያቄ ስንጠይቅህ ተቆጥተህ፣ በነጋታው መልሱን ይዘህ የምትመጣው!»

«የሱቄን የተሰበረ ወንበር ሳልለምነው የጠገነልኝ ልጅ!» አለች ሌላ። ባለ ሱቋ ፋጡማ መሆኗን በድምፅዋ አወቀ።

ከዚያ አንድ ወፍራም የወንድ ድምፅ «ሳንታረቅ! ዋለ አፈር ብላ፣ ሳትታረቀው!» አለ። ራሱን የሚረግመው ዋለ ምክትል ርእሰ መምህሩ ነው፤ በአንድ የስብሰባ ክርክር ተኳርፈው እንኳን ሊነጋገሩ ሰላምታም አይለዋወጡ። አስማረ እዚህ ላይ ነገሩ ግራ ገባው። ይህን ክንዱ አልጻፈውም። ክንዱ እንዲህ አድርጎ መጻፍ ቢችል ኖሮ ፍጡሩ ከየት እንደመጣም ይታወቅ ነበር። ቢሆንም አልተነሣም። ደስ ብሎት ነው፤ እንባውም ከነጠላው ሥር ወደ ጆሮው ይወርድ ነበር። ትንሽ ተጨማሪ ሰዎች እንዲናገሩ ፈለገ።

እናቱ ወይዘሮ አዲስዓለም የዚያን ዕለት በሶና ቅቤ ይዘው ከወገዳ በአይሱዙ መጥተዋል። እመጣለሁ ሊሉት ከዋዜማው ጀምረው ቢያስደውሉ ስልኩ አልሠራ ብሏቸዋል። ከመኪናው ሲወርዱ የገበያው ሰው ወደ አንድ አቅጣጫ ይሮጣል።

«ማነው ሟቹ?» ብለው ጠየቁ፤ ለሰው ልጅ ሊያዝኑ።

የጠየቁት ሰው አላወቃቸውም። ነገራቸው።

አስማረ ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ ሌላውን ድምፅ ሁሉ ሰንጥቆ የመጣ አንድ ድምፅ ሰማ። «ልጄን! ልጄን! በሶህን ይዤልህ መጥቼ፣ አስማረ የኔ ጌታ፣ ሳልደርስልህ!»

ይህ ተዋናይ አይደለም። አስማረ ነጠላውን ከላዩ ገፎ ብድግ አለ። «እምዬ! አለሁ! አለሁ እምዬ!»

የሆነውን መገመት ትችላላችሁ። ድንኳኑ ገመዱ ሁሉ ተጠላልፎ ወደቀ። አለቃ ቀለመ ወርቅ ካባቸውን ሰብስበው ወጣቱን ሁሉ ቀደሙት። ከድንኳኑ ጀርባ ዳቦውን ሲበላ የነበረው እሸቱ ሁካታውን ሰምቶ ምንድን ነው ሊል ብቅ አለ፤ ባናውን እንደለበሰ፣ ሄልሜቱን እንደደፋ፣ መርጫውም ጭጋግ እየተፋ። ወደ ምሥራቅ ይሸሽ የነበረው ሕዝብ ወደ ምዕራብ ዞረ።

ያልሸሹት ወይዘሮ አዲስዓለም ብቻ ናቸው። ቀስ ብለው ሄደው የልጃቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ያዙ። ጆሮውን ዳሰሱ፤ ግንባሩን ዳሰሱ። ከዚያ ወደቁ።

ጤና ጣቢያ ወሰዷቸው። ደም ግፊታቸው በጣም ከፍ ብሏል፤ ይተኙና እናያቸዋለን ተባለ። አስማረ አልጋቸው አጠገብ ተቀመጠ። ውኃ ሊያመጣ በወጣ ቁጥር ክንዱን በሩ ላይ ያገኘዋል፤ ድንጋይ ላይ ኩርምት ብሎ፣ ጣቶቹን ጉልበቱ መሀል ቀብሮ። አስማረ አልፎት ይሄዳል። ክንዱም ክፍል ሦስት አላለም። ያን አፈ ጉባኤ የሚያህል ሰው አፍ አልባ ሆኖ ማየት፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከፍጡሩ ይልቅ ያስፈራ ነበር።

እድሩ ግን ዝም አላለም። አለቃ ሽማግሌዎችን ሰብስበው ፈረዱ። «ድንኳንና ጡሩምባ የሟች ናቸው። እንባም የሟች ነው። ሰርቀኸናል» አሉት። ቀረጻውን በሽማግሌ ፊት ያጥፋ፤ ድንጋይ ተሸክሞ የልጁን እናት ይቅርታ ይጠይቅ። «እምቢ ካልክ ከእድሩ ወጥተሃል። በሞትህ ቀን ራስህን ተሸክመህ ትሄዳታለህ።»

ወይዘሮ አዲስዓለም ሲሻላቸው ክንዱ ድንጋይ በትከሻው ይዞ አስማረ ቤት መጣ። ድንጋዩን ሲመርጥ ረጅም ጊዜ ወስዷል፤ ከጎን ሲታይ የሚያምር ፈልጎ ነው ብለው ያሙት አልጠፉም። አለቃና ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። ክንዱ ተንበርክኮ የአስማረን ስልክ አወጣ። መስታወቱ ተሰነጣጥቋል።

«እማማ፣ በድዬዎታለሁ። በእጅዎ ያጥፉት» አላቸው።

«ያላየሁትን እንዴት አጠፋለሁ?» አሉ ወይዘሮ አዲስዓለም። «መጀመሪያ አሳየኛ።»

አስማረ ከትከሻቸው በላይ ሆኖ አብሮ አየ። ሕዝቡ ሲጎርፍ አየ። ዋለ ደረቱን ሲመታ አየ። እናቱ ሲመጡ፣ ራሱ ብድግ ሲል፣ እናቱ ፊቱን ሲዳስሱ አየ። ከዚያ እናቱ መውደቅ ሲጀምሩ ሥዕሉ ተገለበጠ። ሰማይ ታየ፤ የድንኳን ገመድ ታየ፤ የሚሮጥ እግር ታየ። የክንዱ ድምፅ «እማማ! እማማ! ውኃ አምጡ፣ በእናታችሁ!» ይላል። ካት አላለም። ስልኩን ወርውሮ ነው የሮጠው፤ ጄኔሬተር ሲቃጠል ያልበረገገው ሰውዬ። አስማረ መስታወቱ ለምን እንደተሰነጠቀ አሁን ገባው፤ ቂሙንም የት እንደሚያስቀምጠው ጠፋበት።

«ይችን ደግመህ አሳየኝ» አሉ እናቱ። «ብድግ የሚልባትን።»

ክንዱ መለሰላቸው። አዩ። «ድገማት» አሉ። ደገመላቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ልጃቸው ከሳጥን ሲነሣ ደጋግመው አዩት።

«አላጠፋውም» አሉ በመጨረሻ።

«ኧረ ወይዘሮ አዲስዓለም፣ ፍርድ እኮ ነው» አሉ አለቃ።

«አለቃ፣ በዚህ ዘመን ስንቷ እናት ልጇ እንዲህ ብድግ ቢልላት እያለች ስትቃዥ ታድራለች። እኔ አገኘሁት። ላላገኙት ይታይላቸው።»

አለቃ ቀለመ ወርቅ ልጃቸውን የቀበሩ ሰው ናቸው። ከዚያ ተነሥተው ድንጋዩን ከክንዱ ትከሻ ያወረዱለት ራሳቸው ናቸው።

ይህ ሁሉ ክንዱን አንድ ነገር አስተምሮታል ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። በሳምንቱ «በንፋስ መውጫ፣ በመካነ ኢየሱስና በወገዳ በአንድ ጊዜ የሚመረቅ!» የሚል ፖስተር ለጠፈ። ፊልሙ የተጫነባት ፍላሽ አንዲት ብቻ ስለነበረች መካነ ኢየሱስና ወገዳ መኪና እስኪደርስላቸው «በአንድ ጊዜ» ሲጠብቁ ሰነበቱ። የእሸቱ ባጃጅ ድምፅ ማጉያ ተጭኖላት ከተማውን ዞረች፤ ሕፃናቱም ሸሹ።

በምረቃው ዕለት የወጣት ማእከሉ አዳራሽ ሞላ። ከፊት የተቀመጡት ግን የዘወትር ተመልካቾች አይደሉም። ጥቁር የለበሱ እናቶች ናቸው፤ አንዳቸውም አዳራሹን ረግጠውት አያውቁም። ፍጡሩ መብራት ሲበላ በትዕግሥት ጠበቁት። ሳጥኑ ሲመጣ ተጠጋጉ። አስማረ ብድግ ሲል የሳቀ የለም። ከፊት ወንበር አንዲት ሴት በዝግታ «ድገመው» አሉ።

ፊልሜን ለንጉሥም አላቋርጥም የሚለው ክቡር ዳይሬክተር ደገመው። ደግሞም ደገመው። ከአዳራሹ ኋላ በጨለማ ቆሞ ዓይኑን በእጅጌው ሲጠርግ አስማረ አይቶታል፤ ያየው መሆኑን ግን እስከ ዛሬ አልነገረውም።

ከምረቃው ሲወጡ አስማረ ያዘው። «ፊልሙ አለቀ። ፍጡሩ ከየት እንደመጣ አሁንም አልተነገረም።»

ክንዱ ጣቶቹን አገጣጥሞ መስኮቱን ሠራ፤ ዓይኑም እንደ ድሮው በራ። «ክፍል አራት ላይ ትረዳዋለህ» አለው።

«እኔ ከእንግዲህ አንተ ዘንድ ብመጣ ሰው አይደለሁም!»

ክፍል አራት ሲጀመር ክንዱ ስልኩን ሊቀበለው እጁን ዘረጋ። «ቆይ» አለ አስማረ፤ መጀመሪያ ወገዳ ደወለ።

«እምዬ፣ ነገ ልሞት ነው፤ ከሰው ብትሰሚ እንዳትደነግጪ።»

«እሺ የኔ ጌታ» አሉት ወይዘሮ አዲስዓለም። «በስንት ሰዓት ነው የምትነሣው? እንድደርስ።»